ያልተቋጠረ ክር

ሂባቅ መርፌውን በአሻንጉሊቷ ማጅራት አስገብታ በግራ ጉንጯ አወጣችው፤ እዚያው አጠገቡ መልሳ ሰካችው። ክሩን ሳብ ስታደርገው በጥጥ የተጠቀጠቀው አሮጌ ስቶኪንግ ስርጉድ አለ። ቁርጥ የጸደንያ ጉንጭ! ክሩን ለቀቀችው።

«ምነው ተውሽው? አሪፍ መጥቶልሽ ነበር እኮ» አለቻት የሺሃረግ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «ልጄ ስታየው በሳቅ ነው የምትሞተው።»

ሂባቅ አቀረቀረች።

የሺሃረግ ሃርጌሳ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ኢትዮጵያዊት ናት። ሂባቅ ደግሞ ቤተሰቧ በስደት ሳለ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛ ታቀላጥፋለች። ከየሺሃረግ ልጅ ከጸደንያ ጋር ጓደኝነት የገጠሙትም በዚሁ ነው። ከተማው ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሁለቱ ከጨርቅ ቁርጥራጭና ከተቀደደ ስቶኪንግ አሻንጉሊት መሥራት ጀመሩ። የሰፈሩን ሰው ፊት አንድ በአንድ ሠሩት። የሂባቅ አባት የቡራሌ አፍንጫ እንኳ አልቀረላቸውም፤ ለእሱ ብቻ ግማሽ ከረጢት ጥጥ ሄዷል እያሉ ሲስቁ ይውሉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከከተማ በሚወጣ መኪና ላይ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ተገኘ። የሺሃረግ ልጄ ትትረፍልኝ ብላ ጸደንያን ወደ ወንድሟ ወደ አስረስ፣ ወደ ጅግጅጋ ላከቻት። መኪናው ከከተማው ዳርቻ ሳይርቅ መድፍ መታው። ጸደንያን ቀብሮ የተመለሰው ቡራሌ ነው።

ቡራሌ የሐበሻን ወግ ያውቃል። መርዶ ዘመድ በሌለበት አይነገርም፤ ስለዚህ ለአስረስ ልኮበት፣ እሱ መጥቶ ይንገራት ብሎ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አፍ አስያዘ። አስረስ ግን ወደ ከተማ የሚገባ መኪና አጥቶ የውሃ ሽታ ሆነ። የሺሃረግም ልጇ ደኅና የገባች መስሏት ቀሚስ ስትሰፋላት ሰነበተች።

«በይ ቋጥሪውና ስጪኝ» አለች የሺሃረግ። «ከሰዓት የሚወጣ መኪና አግኝቻለሁ። እጇ ላይ አስቀምጥላታለሁ።»

ሂባቅ ጠንከር ያለ ክር ላምጣ ብላ አሻንጉሊቷን የስፌት መኪናው ላይ ትታ ወጣች። ደጅ ላይ ስትደርስ እንባዋ አመለጣት። ቤት ገብታ ለአባቷ የሺሃረግ ወደ ጅግጅጋ ልትሄድ መሆኗን ነገረችው። ቡራሌ ደነገጠ። ቢሆንም ዘመድ ሳይኖራት እንዴት ይነገራታል፣ ነውር ነው አለ።

«አባ፣ መኪናው ላይ ከማታውቀው ሰው ብትሰማውስ?» አለችው። «ደግሞ እኛስ ምኗ ነን?»

ቡራሌ ቆቡን አድርጎ ተነሳ። ሂባቅም በየደጁ እየዞረች የየሺሃረግ ቤት ኑልኝ አለች። የሰፈሩ ሴቶች ለምን ብለው አልጠየቋትም።

ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ አንድ በአንድ ገቡ። የሺሃረግ ሊሸኟት የመጡ መስሏት ፈገግ ብላ ምንጣፉን ከጨርቅ ቁርጥራጭ አጸዳችላቸው። ሁሉም ተቀመጡ። የሚናገር ግን ጠፋ። ቡራሌ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

የሺሃረግ ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። እሷም ለመርዶ ስንቱ ቤት እንዲህ ከሰው ጋር ገብታለች፤ ዝምታውን ታውቀዋለች። አሻንጉሊቷን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳች። ክሩ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ጉንጯ ላይ ስርጉዱ የለም።

«ሂባቅዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማንን ብላችሁ ነው የመጣችሁት?»

ቡራሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሂባቅ በሴቶቹ መሀል አልፋ ከየሺሃረግ ጎን ተቀመጠችና እጇን ከነአሻንጉሊቷ ያዘችው።

«እማ የሺ» አለች። አባቷ እስኪናገር አልጠበቀችም።