አብረው የማይኖሩ ዓሶች

ዓቂል ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድ እንግዶቹን በሚቀበልበት ዲዋኒያ ውስጥ፣ ከሚወደው የዓሳ ገንዳ ሥር ተዘርሮ ነው። የቀኝ እጁ እጅጌ እስከ ብብቱ ተጠቅልሏል። መዳፉ አብጦ ዳቦ አክሏል። ምንጣፉም የጨው ውሃ ጠጥቶ ርሷል።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ሉልዋ ስትገባ ሰላምታዋን የመለሰላት አልነበረም። የሟቹ ታናሽ ወንድም ሙተዕብ ከላይ እስከ ታች ገላመጣት።

«የሴቶቹ መግቢያ በዚያኛው በኩል ነው» አላት።

«የሬሳውስ በየት በኩል ነው?»

አልፋው ገባች። እንዲህ ያለውን አቀባበል ለምዳዋለች፤ ለምዳዋለች ማለት ግን አያናድዳትም ማለት አይደለም። አባቷ ዓሳ እያጠመደ በኩዌት የዓሳ ገበያ ሲሸጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። ምላሷን የወረሰችው ከእሱ ነው ይላሉ፤ እሷም አትክድም።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ብድግ አለ። «መዳፉ ላይ የእሾህ ቀዳዳ አለ። መርዝ ነው። ጤነኛ ሰው ቢሆን ምናልባት ይተርፍ ነበር። የዚህ ሰውዬ ልብ ግን ድሮም በመድኃኒት ነው የቆየችው።»

«ምንድን ነው የወጋው?»

አስር አለቃ ፈላሕ ባልዲ ይዞ ቀረበ። ባልዲው ውስጥ ጭቃ የመሰለ፣ ቆዳው ኪንታሮት የወረሰው፣ አፉ ወደ ላይ የተገለበጠ ፍጥረት አድፍጧል። ሉልዋ አንዴ አየችና ሳታስበው ወደ ኋላ አለች። ፈርያላ! የዓሳ አጥማጅ ልጅ ከፊደል በፊት ፈርያላን መፍራት ይማራል። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ መርዘኛውን የጀርባ እሾኹን አቁሞ፣ የሚረግጠውን ወይም የሚዳስሰውን ሰው ይጠብቃል።

«ከገንዳው አሸዋ ውስጥ ነው ያወጣነው» አለ ፈላሕ። «ሟቹ ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አሸዋውን በባዶ እጁ ይደለድል ነበር። ሌላ ሰው አያስነካም።»

«ይህን ልማዱን ማን ያውቃል?»

«እዚህ ቤት እግሩ የረገጠ ሁሉ። ዛሬ ቀትር ላይ ደግሞ ወንድሙም፣ እህቱም፣ ጓደኛው ጀራሕም፣ ሠራተኛው ራጃንም ወደዚህ ክፍል ገብተው ወጥተዋል።»

ሉልዋ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። ራጃን እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ማን ነው የመታው?»

«እኔ!» አለ ሙተዕብ ሳያፍር። «አሁንም እደግመዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ዓሳ ገበያ የሚሄደው እሱ፣ የገንዳውን መስታወት የሚወለውለው እሱ። ወንድሜ ሻይ ደፋህብኝ ብሎ ባለፈው በእንግዳ ፊት በጥፊ አጮለው። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ውሰዱና ስቀሉት!»

«ፍርዱን ጨርሰሃል ማለት ነው። ገመዱንም ይዘኸው መጥተህ እንዳይሆን?»

ወደ ግቢው ወጣችና ራጃን አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ፈርያላ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«እመቤቴ፣ እኔ የምገዛው ለወጥ ነው። ያን መርዝ ማን ይበላዋል?» ዓይኑን ከካቴናው ላይ አላነሳም። «ግን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? እነሱ ሦስት ናቸው።»

እውነቱን ነው። ወንድም፣ እህትና ጓደኛ ሦስቱም በአንድ አፍ ከመሰከሩበትና ጣቢያ ከገባ፣ ዳግመኛ ጉዳዩን የሚያየው አይኖርም። ገመዱ ይጠብቀዋል። ይህን እሱም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

«እኔ ገና ማንንም አላመንኩም» አለችው። «አንተን ብቻ ለይቼ ያላመንኩ እንዳይመስልህ።»

ተመልሳ ገንዳው ፊት ቆመች። አንድ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቅፈው፣ መካከለኛ ገንዳ ነው። በአለቶቹ ላይ ኮራል የሚባሉት ሕይወት ያላቸው የባሕር ፍጥረታት እንደ አበባ ፈክተዋል። አለቶቹ በዋሻና በመተላለፊያ ተሞልተዋል፤ ጣት ለሚያክል ዓሳ እንጂ ለሌላ አይሆኑም። ውስጡ የሚዋኙት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ጠፍጣፋ ቢጫና አንድ ሰማያዊ፣ ሁለቱም መዳፍ የሚያክሉ። ቢጫው ቆዳው እንደ ሎሚ ጠርቷል፤ አንዲት ነጥብ እንኳ የለችበትም።

የሟቹ እህት ኑወይር በውስጠኛው በር ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለች ሉልዋ።

«አላህ ይማረው። እኔ ግን ገና አልማርኩትም።»

«ምን አድርጎሽ?»

ኑወይር ሻርፗን አጥብቃ ያዘች። «ወንድሜ ዓሳ ሲመርጥ ነበር የሚውለው። ማን ከማን ይስማማል፣ ማን ማንን ይበላል... ሰውንም እንዲያ ነበር የሚመርጠው። ጀራሕ ሊያገባኝ ሽማግሌ ላከ። ዓመታት ጠብቄዋለሁ። ዓቂል ዲዋኒያው ጢም ብሎ በሞላበት መስታወቱን እያንኳኳ ምን አለው መሰለሽ? ‹የማይመጣጠን ዓሳ አንድ ገንዳ አይገባም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሥሩ የማይታወቅ ሰውም ከእኛ ጋር አይገባም› አለው።»

«ጀራሕስ?»

«ሳቀ። ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ሰሞኑን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ መጣ። እኔ እሱን ብሆን እዚህ ቤት ደጃፍ አልደርስም ነበር!»

«ትንንሾቹ ዓሶች የት ሄዱ?»

«ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ያዛቸው ብሎ ጀራሕ ቤቱ ወስዶ እያከማቸው ነው። ዓቂል ‹እኔ ነጠብጣብ አላየሁም› ሲለው ‹ዓይንህ ደክሟል› አለው። በዓሳ ነገር የጀራሕን ቃል አይጥልም። አንድ ቀን ሙሉ አለቱን ሲያፈርሱ ውለው አጠመዷቸው። ያቺን በር ጠባቂዋንም ከነሽሪምፗ።»

«በር ጠባቂ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ትንሽ ተፈታ። «ጣት የማታክል ዓሳ ናት። ሽሪምፕ ከሚባል፣ ዓይኑ ከደከመ ባለ ብዙ እግር ፍጥረት ጋር በአንድ ጉድጓድ ትኖራለች። እሱ ይቆፍራል፣ እሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ብቻውን ከቀረ አይበረክትም ይላሉ። ወንድሜ ከፍጥረት ሁሉ የሚራራው ለእነሱ ነበር።»

ሙተዕብን ስታነጋግረው ጭራሽ ብሶበት አገኘችው።

«የዓሶቹን ነጠብጣብ አይተኸዋል?»

«እኔ የዓሳ ሐኪም ነኝ? እኔ የማውቀው ያ ቢጫው ቀበጥ መሆኑን ነው። በሽታ በገባ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ነጠብጣብ የሚያወጣው እሱ ነው። አምና ወንድሜ እሱን ሲያስታምም የልጄን ሠርግ ጥሎ ቀርቷል። የገዛ ወንድሙን ልጅ ሠርግ! ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ነን።»

«ዛሬ ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልሰድበው» አለ ሙተዕብ። «ሰድቤውም ወጣሁ።»

ጀራሕ ከሁሉም ጨዋው ነበር። ጺሙ የተከረከመ፣ ድምፁ የረጋ፣ ሉልዋ ስትቀርብ ከመቀመጫው የተነሳ እሱ ብቻ ነው።

«እኔም ቤቴ እንዲህ ያለ ገንዳ ባስገባ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። «ዓሳ እንዴት ነው የሚመረጠው?»

ፊቱ በራ። «እህቴ፣ በመጀመሪያ የገንዳሽን ልክ እወቂ፣ ቀጥሎ የዓሳውን አፍ ልክ። ለዓሳ አፉ የሚችለው ሁሉ ምሳ ነው፣ ጎረቤት አይደለም። የዋሆቹን አስቀድሚና ቤት ይያዙ። ጉልበተኛው መጨረሻ ይግባ። ቀድሞ ከገባ ‹ቤቱ በሙሉ የእኔ ነው› ብሎ መግቢያ ያሳጣቸዋል።»

«በሽታ ቢገባስ?»

«ሁሉንም ታወጫለሽ። ውሃው አንድ ነዋ! አንድ ዓሳ ካስቀረሽ በሽታውን አስቀረሽው።»

«ፈርያላስ ከማን ጋር ይኖራል?»

ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ። «ከማንም። ጣት የሚያክለውን ሁሉ ይውጣል። ዓሳ የሚወድ ሰው ያን ነገር ገንዳ ውስጥ አይከትም። ራጃን ግን ለዓሳ ምን ደንታ አለው?»

«ትንንሾቹስ ተሻላቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። በመዳብ መድኃኒት ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።»

ሉልዋ አመስግናው ወጣችና ፈላሕን ወደ ጎን ጠራችው። «የዚህ ሰውዬ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እዚያ የሚኖረው የጀራሕ ወንድም ይከፍትልሃል። ዓሶቹን ብቻ አይተህ ና፤ ምንም አትንካ።»

ፈላሕ ሲመለስ ሁሉንም ዲዋኒያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ራጃንንም አስገባችው።

«ሠራተኛ ከእኔ ጋር እኩል ሊቀመጥ ነው?» አለ ሙተዕብ።

«ካልተመቸህ ቁም። ፈላሕ፣ ያየኸውን ንገራቸው።»

«ትንንሾቹ ዓሶች አሉ፣ ደህና ናቸው። ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ ናቸው። ሽሪምፑም አለ፤ እየቆፈረ ነው። ዓሳዋም በር ላይ ቆማለች።»

ጀራሕ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እዚህ ቤት ዓቂልን የማይጠላ አልነበረም» አለች ሉልዋ። «ፈርያላውን ማስገባትም ሁሉም ይችል ነበር። ስለዚህ ሰዎቹን ተውኩና ዓሶቹን ጠየቅኩ። ነጭ ነጠብጣብ ገባ ተባለ። ሙተዕብ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚታመመው ማን ነው አልከኝ?»

«ቢጫው።»

«ቢጫው ያውና፤ አንዲት ነጥብ የለችበትም። ጀራሕ፣ በሽታ ከገባ ሁሉም ይወጣሉ ያልከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ቀበጡን ትተህ ትንንሾቹን ብቻ ለምን አወጣህ?»

«የዓቂል ፈቃድ ነው። ትልልቆቹን አልሰጥም አለ።»

«ይሁን። ሽሪምፑንስ? ሽሪምፕ የዓሳ በሽታ ይይዘዋል?»

ጀራሕ ያስቀመጠውን ብርጭቆ መልሶ አነሳ።

«አይይዘውም» አለች ሉልዋ። «መዳብ ደግሞ ሽሪምፕንም ኮራልንም ይገድላል፤ ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ሽሪምፑ ቤትህ ኮራል መሀል እየቆፈረ ነው። ስለዚህ መድኃኒትም የለም፣ በሽታም አልነበረም። ዓሶቹን የመረጥካቸው በነጠብጣብ አይደለም፣ በአፍ ልክ ነው። የፈርያላ አፍ የሚችላቸውን አንድ በአንድ ለቅመህ ወሰድክ፤ ለአፉ የሚከብዱትን ሁለቱን ተውካቸው። ፈርያላው ከመግባቱ በፊት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ አይመርጥም።»

«ዓሳ ወስጃለሁ እንጂ ሰው አልገደልኩም» አለ ጀራሕ፤ የረጋው ድምፁ ተሰነጠቀ። «ፈርያላውን ራጃን ያስገባው ቢሆንስ?»

«ራጃን ቢሆን ዓሶቹ ይበሉ አይበሉ ምን ገዶት? አንተው ነህ ያልከኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ዓቂልን ጠልቶ ለዓሶቹ የሳሳ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኑወይር ከበሩ ተነስታ ወደ ወንዶቹ መሀል ገባች። የከለከላት አልነበረም። «ጀራሕ፣ እየኝ።»

ሊያያት ሞከረ፤ አልቻለም። «በሰው ፊት ዘር የለህም አለኝ፣ ኑወይር። በማስተማሪያዬ፣ በገዛ ቃሌ! ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አትበል!» ጮኸች። «ለእኔ ብለህ እንዳትል! ጣት ለማታክል ዓሳ አንጀትህ ተላውሶ ከነሽሪምፗ አዝለሃት ሄድክ። ይህ ሰው ደጅ ላይ በደም ተነክሮ ታስሮ፣ ገመድ ሲጠራለት፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ሻይህን ትጠጣ ነበር። ወንድሜን ስትገድልም እንደ ወንድሜ ሆነህ ነው። እሱም ከሰው ዓሳ ነበር የሚበልጥበት።»

ጀራሕ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ የካደው ነገር የለም፤ ፈርያላውን ባሕሩ ሲሸሽ ከጭቃው ላይ በመረብ እንዳነሳው ሳይቀር ተናገረ።

ሉልዋ የራጃንን ካቴና ፈትታ ጀራሕ እጅ ላይ አጠለቀችው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ትንንሾቹን... ማን ያበላቸዋል?»

ሁሉም ሳያስቡት ወደ ራጃን ዞሩ። ሙተዕብ እንኳ ዞረ።

«እኔ የምገዛው ለወጥ ነው» አለ ራጃን።

የተሰነጠቀ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገና ተነሳ። በጓሮው በር ሳይሆን በእንግዶቹ በር በኩል ወጣ፤ ሙተዕብም መንገድ ለቀቀለት።