ቀድሞ የተተከለው ድንጋይ

በዚያ ዓመት በአዮዋ ዝናብ አልጣለም። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ያፈራውም አውራ ጣት አከለ። ኩሬው ደረቀ፤ ከብቱ ተሸጠ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች እርሻቸውን በሐራጅ አስረክበው ሄዱ። ፓስተሩ ስለ ዝናብ መጸለዩን ተወ፤ ለምን ተውክ ብሎ የጠየቀውም የለም።

የቱርስታድ ቤተሰብ ግን እንደ ወትሮው በሞትና በመናፍስት ለሚቀለድበት ለሃሎዊን ምሽት ደገሰ። በትራክተር ማቆሚያው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ በተፈለፈለ ዱባ ውስጥ ሻማ በራ። ድግሱ ሳያልቅ የቤቱ ጌታ ሃርላን ቱርስታድ ማንኪያውን እንደያዘ ሞተ።

ሎይድ ቬስሊ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ሎይድ የወረዳው ፖሊስ አዛዥነቱን፣ ሸሪፍነቱን፣ ትቶ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። የወዳጁ ፊት ሲያብጥ፣ ትንፋሹ ሲያጥር አየ። ኦቾሎኒ ለሃርላን መርዝ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ካሪን ወደ ተሰቀለው ኮቱ ሮጠች፤ ከኪሱ የማይለየው ነፍስ አድን መርፌ የለም። አምቡላንሱ ሲደርስ ሁሉም አብቅቶ ነበር።

ሎይድ አላለቀሰም። ውስጡ እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ ቢረግጡትም አይሰማው። ቆሞ በሟቹ ሳህን ላይ የቀረውን አየ፤ ከዚያም የሌሎቹን ሳህኖች አንድ በአንድ አየ።

ካሪን በየዓመቱ የምትሠራው ጣፋጭ እሳት አይነካውም። በጎድጓዳ ትሪ የቸኮሌት ክሬም ይፈስሳል፣ ጥቁር ብስኩት እንደ አፈር ተፈጭቶ ይነሰነስበታል፣ የከረሜላ ትል ይቀበርበታል፤ በዋዜማው ፍሪጅ ገብቶ ያድራል። ከዚያ ሞላላ ብስኩቶች እንደ መቃብር ድንጋይ ይተከሉበታል። በየድንጋዩ ላይ የአንድ እንግዳ ስምና አንድ ቀልድ በስኳር ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ከስሙ ሥር ያለውን ይበላል። የዘንድሮው የሎይድ ድንጋይ «ሲጠይቅ ኖሮ ሲጠይቅ ሞተ» ይል ነበር። የሃርላን ደግሞ «ዝናብ እንደጠበቀ ቀረ» ይላል።

በማግስቱ አዲሷ ሸሪፍ ሮንዳ ወደ ሎይድ ቤት መጣች።

«አለቃ፣ ክሬሙ ተመርምሯል» አለችው። «የኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብሮበታል፤ በትሪው አንድ ጥግ፣ በሃርላን ድርሻ ብቻ። የሠራችው ካሪን ናት። እርሻውን ትቼ ከተማ እገባለሁ ብላ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነበር። እሷም ብትሆን አልካደችም፤ ‹በእጄ ገደልኩት› ትላለች። ልይዛት ነው።»

«እስከ ነገ ማታ ታገሺኝ።»

«ስለ ወዳጅነት ብለው እንዳይሆን?»

ሎይድ በመስኮት አሻግሮ የሃርላንን የብረት ጎተራ አየ። በወጣትነቱ እዚያ ጎተራ ውስጥ በቆሎ ሊገፋ ገብቶ እህሉ ዋጠው፤ እስከ አገጩ ሰመጠ። ሃርላን ወገቡን በገመድ አስሮ ገባና ሰው ቆርቆሮውን ቀዶ እህሉን እስኪያፈስ ድረስ አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ሎይድም በምን እንደሚመልስለት አያውቅም ነበር።

«ወዳጅነትም አለበት» አለ።

ካሪን ማድ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሻይዋ ቀዝቅዟል።

«ማነው ድንጋዮቹን የተከለው?» አላት።

«እኔ። የእናቴ ወግ ነው፤ ትሪው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ነው የሚተከለው። እስከዚያ በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል።»

«የአባትሽንም አንቺ ነሽ?»

«የእሱን አይደለም። ትሪውን ከፍሪጅ ሳወጣ የእሱን ድንጋይ ጥጉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁልጊዜ ‹ጥግ ይሻላል፤ ጎረቤት አይበዛም› ይል የለ? ቀድሞ ቦታ የያዘ መስሎኝ ሳቅሁ።» ሻይዋን አራቀች። «ሳቅሁ፣ አጎቴ ሎይድ። ከዚያ በእጄ አቀረብኩለት።»

ሎይድ ወደ ጓሮ ወጣ።

የሃርላን ሁለተኛ ሚስት ማርጂን ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። የሟቹን ሸሚዞች አጥባቸው ነበር።

«ምን ይጠቅመዋል ትለኝ ይሆናል» አለች። «እጄ ዝም ሲል ነው የሚብስብኝ።»

«ጣፋጩን ስትሠራ ታግዣታለሽ?»

«ብስኩቱን የምፈጨው እኔ አይደለሁ! ከተጋባን ጀምሮ። የመጀመሪያው ዓመት ድንጋዩን በዋዜማው ተክዬ ሃርላን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ኩርሽም የማይል ድንጋይ ድንጋይ ነው? ይሄ የሬሳ ጣት ነው!› ብሎ አገር ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ነክቼ አላውቅም።»

የሃርላን ታናሽ ወንድም ዴልማር ብዙ ዓመት ቴክሳስ በነዳጅ ጉድጓድ ሠርቶ በጸደይ ነው የተመለሰው። ሎይድ በትራክተር ማቆሚያው ውስጥ አገኘው። ጠረጴዛዎቹ ገና አልተነሱም።

«መጣህ፣ ሽማግሌው ቀበሮ» አለ ዴልማር። «ጡረታ ማለት ቤት መቀመጥ መስሎኝ።»

«ቤቴ ቀዘቀዘኝ። ጣፋጩን ቀመስከው?»

«ስኳር በሽታ አለብኝ። የሰው መቃብር ስትቆፍሩ ቁጭ ብዬ ማየት ነበር ሥራዬ። እኔ ስሄድ ይሄ ወግ አልነበረም።»

«መሬቱን ሊገዛ የመጣው ኩባንያስ?»

«ሃርላን አልፈርምም አለ። አባታችን መሬቱ ከደም አይውጣ ብሎ በሁለታችን ስም ነው የተወው። አንዱ እንቢ ካለ ስንዝር አይሸጥም። አሁን ካሪን ትወስን።»

«ካሪን ከታሰረችስ?»

ዴልማር ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲህ… ምን ይደረጋል።»

ሎይድ ከበስተኋላው የቆመውን ኮምባይነር አየ። ዘንድሮ የሚታጨድ አልነበረምና ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሷል፤ የመሰላሉ መወጣጫና የበሩ እጀታ ግን ጠርተዋል።

«በል፣ በርታ» ብሎት ወጣ። ወደ ሮንዳ ደውሎ ጥቂት ነገር ነገራት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሃርላን ማድ ቤት ተሰበሰቡ። ካሪን፣ ሎይድ ስለለመናት፣ ጣፋጩን እንደገና ሠርታዋለች። ስትፈጭም ስታፈስም ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ሮንዳ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ይሄ ነገ ከቀብር ለሚመለሱት ነው» አለ ሎይድ፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ብስኩት ሰጠ። «እንግዲህ ድንጋዮቹን እንትከል።»

ካሪን ብስኩቷን እንደያዘች ቀረች። ዴልማር የራሱን ክሬሙ ውስጥ ሰካ።

«አሁን?» አለች ማርጂን። «እስከ ነገ ይላሽቃል እኮ!»

ዴልማር እጁን ሰበሰበ።

«ይላሽቃል» አለ ሎይድ። «ሃርላን በመጨረሻ የተናገረውን ታስታውሳላችሁ?»

«‹ይሄ ድንጋይ ረጥቧል፤ ማነው ቀድሞ የቀበረኝ?›» አለች ካሪን በቀስታ። «ሁላችንም ሳቅን።»

«ሳህኑን አየሁ። የእሱ ድንጋይ ከእግሩ እስከ ፊደሉ ድረስ ላሽቋል። የሌላው ሁሉ ደረቅ ነበር። ስለዚህ የእሱ ብቻ ትሪው ውስጥ አድሯል። ራሱ እንዳልተከለው ጥያቄው ይመሰክራል። ታዲያ ድንጋይ ቀድሞ መትከል የሚያስፈልገው ማን ነው? ኦቾሎኒውን በዋዜማው ቀብሮ የማን ድርሻ እንደሚሆን አስቀድሞ ምልክት ማድረግ ያለበት ሰው። ካሪን ምልክት አያስፈልጋትም፤ ድንጋዮቹን የምትተክለው ራሷ ናት፤ ያሻት ቦታ ታቆመው ነበር።»

ሮንዳ አንገቷን ነቀነቀች።

«ማርጂን ደግሞ በዚህ ነገር አንዴ ተስቆባታል። የላሸቀ ድንጋይ ሃርላንን እንደሚያስጮኸው ታውቃለች። ከዚህ ቤት የቀረው ሰው ይህን አያውቅም። ሌላው ሲበላ ዓይቶ ይሆናል፤ ሲሠራ ግን አላየም፤ አልቀመሰምም።»

«ብስኩት ስለተከልኩ ነው የምሰቀለው?» አለ ዴልማር።

«በብስኩት ማንም አይሰቀልም። ግን ምርት በሌለበት ዓመት ኮምባይነር ላይ ማን ይወጣል?»

ሮንዳ ዘይት በነካው ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከመቀመጫው ሥር ነው ያገኘነው» አለች። ጨርቁን ስትገልጠው የሃርላን መርፌ ነበር።

ዴልማር ጨርቁን መልሶ መርፌው ላይ ጣለ። ድምፁ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

«መሬቱ ሞቷል። በጸደይ ገና ስመጣ አየሁት። እሱ ግን አላምን አለ። በየማለዳው ወጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።»

«የወንድምህ ልጅ ትታሰራለች ብለህም አላሰብክ?» አለች ማርጂን። «አስበሃል እንጂ! እሷ ከታሰረች ሁሉም ያንተ ነው።»

ሮንዳ ዴልማርን ይዛ ወጣች፤ ማርጂንም በሩን ልትዘጋ ተከተለቻቸው።

ካሪን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ዓይኗ ትሪው ላይ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ነበር።

«እሱ ነው የቀበረው» አለች። «ያቀረብኩለት ግን እኔ ነኝ። ድርሻው እንዳያንሰው ብዬ ደግሜ ጨመርኩለት፣ አጎቴ ሎይድ። ከዚህ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ሎይድ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። ስለ ጎተራው ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁንም ስለ በቆሎው አላወራም። ያን ቀን እህሉ ደረቱን ሲጫነው፣ እሱ ስለ እናቱና ስለ ሞት ሲቃዥ፣ ሃርላን ከላይ ሆኖ የነገረውን ብቻ ነገራት።

«እጅሽን ስጪኝ» አላት። «ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተይው።»

ካሪን ቸኮሌት የነካውን እጇን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችለት። ሎይድ ያዘው፤ ማርጂን ተመልሳ መብራቱን እስክታበራም አልለቀቀውም።