የፋኑኤል ድምፅ

«በቃ፣ አሁን ሞክሪው» አለ መርዕድ።

ስሂን ገጹን እንደገና ከፈተችው። ከጠዋት ጀምሮ «አልተገኘም» ሲል የዋለው አድራሻ እሺ አለ። ጥፋቱ መርዕድ ትናንት የጻፈው የኮድ ሕግ ላይ ነበር፤ ረጃጅሞቹን የድረ ገጽ አድራሻዎች አሳጥሮ ወደየፋይላቸው መምራት ሲገባው፣ ሁሉንም ወደሌለ ፎልደር ይልካቸው ነበር። የተረሳች አንዲት ፊደል ቢጨምሩበት ተስተካከለ።

ሁለቱም ገና አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። የቤተ ክርስቲያናቸውን የወጣቶች ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩት ከትምህርት በኋላ በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ላይብረሪ እየተገናኙ ነው።

ስሂን ኢርፎኗን ሰክታ የፋኑኤልን መዝሙር ከፈተች። ጆሮዋ ውስጥ የገባው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ነጋሪ የአቶ ገላው ድምፅ ነበር፤ ምእመናን መኪና የት ማቆም እንዳለባቸው ያሳስባሉ። ሌላ መዝሙር ከፈተች። አሁንም አቶ ገላው። ሦስተኛውም እሳቸው ናቸው።

«መሬ፣ ፋይሎቹን ምን አድርገሃቸዋል?»

«ሪኔም ነው ያደረግኳቸው፤ ስማቸውን ቀየርኩ። የአማርኛ ስም አድራሻው ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ኮዱ የአማርኛውን ፊደል እያወጣ...» ብሎ የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈተ።

የሁሉም ፋይል ስም በአማርኛ ነበር። ፊደሉ ሲወጣ ሁሉም አንድ ስም ሆኑ፤ አንዱ ሌላውን እየደመሰሰ የመጨረሻው፣ የአቶ ገላው ማስታወቂያ፣ ብቻ ተረፈ።

«ባካፑስ? መጠባበቂያ ቅጂው?»

«ቦታ ሞልቶ ነበር። ዲሊት አድርጌዋለሁ።»

መዝሙሩን ዘምሮ፣ በስልኩ ቀድቶ ድረ ገጹ ላይ የጫነው ፋኑኤል ራሱ ነበር። ባለፈው ዊንተር መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራትታ ሲሞት፣ ስልኩም አብሮት ደቀቀ። እናቱ እትዬ ወለተሥላሴ እዚያው አጎራባች ከተማ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ያንን መዝሙር ሳይሰሙ ቀርተው አያውቁም። ዛሬ ጠዋት ለስሂን ደውለው፣ «ልጄ፣ ድምፁ እምቢ አለኝ እኮ» ያሏት እሳቸው ናቸው።

«ሰርቨሩ ነው በያቸው» አለ መርዕድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካምፓኒው እየሠራው ነው በያቸው። ከጊዜ በኋላ ይተዉታል።»

«አይተዉትም። በየቀኑ ይሞክሩታል።»

እንዲህ ብትልም ስልኳን አውጥታ «እየተስተካከለ ነው» ብላ ጻፈች። ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ። ጽሑፉን አጠፋችው።

«ማን አጠፋው ቢሉሽስ?» የመርዕድ ፊት አመድ መስሏል።

«እኛ እላቸዋለሁ። ሳትጀምር ባካፕ አለ ወይ ብዬ እኔም አልጠየቅኩህም።»

ስሂን ወደ መስኮቱ ሄዳ ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሣ።

«ስሂንዬ! ተስተካከለ?»

«እትዬ... ቤት ነዎት? በሜትሮ ባቡር ልመጣ ነው።»

እትዬ ወለተሥላሴ ስለ መዝሙሩ ደግመው አልጠየቁም።

«ነይ» አሉ ቀስ ብለው።

ስሂን ዘወር ስትል መርዕድ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነው። ቦርሳዋን አንሥታ ብቻዋን ወጣች።