የዘጠኝ ቁጥሯ መኪና ስርጉድ

ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ድንቢጥ ነው። ወፏን ማለቴ አይደለም። ድንቢጥ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቀጭን ስለሆነችና አፏ ስለማያርፍ ቤተሰቧ ያወጣላት ስም ነው። ከእናቷና ከአያቷ ጋር ሁለት ክፍል ባለው ቤት ትኖራለች። የቤቱ መስኮት የመኪና ማቆሚያውን ያያል።

አያቷ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ቀለም ቀቢ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ትልልቆቹን መኪኖች ተዉና ወደ ትንንሾቹ ዞሩ። የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ሞዴሎችን ይሰበስባሉ። ከብረት የተሠሩ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ናቸው። መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ አርባ አንድ መኪና ተደርድሯል።

ታዲያ አያቷ መኪኖቹን ከሱቅ እንደመጡ አይተዉአቸውም። ሦስት ጸጉር ብቻ በቀራት ብሩሽ ወንበራቸውን ቡናማ ይቀባሉ። በእርሳስ ዱቄት ጭስ ማውጫቸውን ያጠቁራሉ። ከአሮጌ የሰዓት ማሰሪያ ቀጭን ክር ቆርጠው ለሞተሩ ክዳን ቀበቶ ያበጃሉ። ቁጥር ሲጽፉ ደግሞ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ድንቢጥም አብራ ትይዛለች። አንድ ቀንማ ይዛ ይዛ ከወንበር ልትወድቅ ነበር!

የአያቷ ሕግ አንድ ብቻ ነው። «ከመንካትሽ በፊት ጠይቂ። ከጠየቅሽም በኋላ አንዴ ደግመሽ ጠይቂ።»

ድንቢጥም ሁልጊዜ ትጠይቅ ነበር። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

በዚያ ሰሞን አያቷ አራት ወር ሙሉ የደከሙባት አንዲት አረንጓዴ መኪና ነበረች። ጎኗ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ተጽፎባታል። የተሠራችው ለታላቅ እህታቸው ስጦታ እንድትሆን ነው። እኚህ እህታቸው ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ትክክለኛዋን፣ ትልቋን ዘጠኝ ቁጥር በውድድር ላይ የነዱት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ «እማማ ፍሬን» ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ። እማማ ፍሬን የሚኖሩት በሌላ ከተማ ነው። ከዓመት በፊት ዓይናቸው ፈጽሞ ማየት አቆመ። የዚያች መኪና ፎቶግራፍ አላቸው፤ ግን ሊያዩት አይችሉም። «ፎቶውን ማየት ካልቻለች በእጇ ታያታለች» ብለው ነው ወንድማቸው ሞዴሏን የሠሩላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያቷ እህታቸውን ሊቀበሉ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄዱ። እናቷ ሥራ ላይ ናት። መኪናዋ ክዳኑ ክፍት በሆነ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

ድንቢጥ ጎንበስ ብላ አየቻት። አየቻትና ደነገጠች።

መኪናዋ ቆሻሻ ናት! ጎማዎቿ ጭቃ ለብሰዋል። ጎኗ ተፍቋል። ይባስ ብሎ የግራ ፊቷ ስርጉድ ብሏል፣ በአውራ ጣት እንደተጫኑት።

«ውይ! አባባ ሳይጨርሷት ረስተዋት ነው» አለች ለራሷ። እውነቷን ነው፣ አያቷ በዚያ ሰሞን ይረሱ ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። «እኔ ላሳምራት። ሲመለሱ ጉድ ይላሉ! ማን ሠራት ሲባል እኔ እላለሁ።»

መጠየቅ ነበረባት። ግን የሚጠየቅ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። መጠበቅ ደግሞ ሰለቻት። ልጆች፣ እናንተስ መጠበቅ አይሰለቻችሁም? እኔን ይሰለቸኛል።

ድንቢጥ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ጥጥ ነክራ ጭቃውን ጠረገች። ጭቃው ለቀቀ። አረንጓዴውም ቀለም አብሮ ለቀቀ! አሁን መቆም ትችል ነበር፤ አልቆመችም። ስርጉዱን አያቷ ቀዳዳ በሚደፍኑበት ስቱኮ ሞላችው። በእናቷ ጸጉር ማድረቂያ አደረቀችው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። ከዚያም መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀባቻት። ዘጠኝ ቁጥሩን ትንፋሿን ይዛ ጻፈች። ስትጨርስ መኪናዋ አንጸባረቀች። ሳጥኑን ከድና እጇን እየታጠበች ዘፈነች።

በአሥር ሰዓት ሽማግሌውና እህታቸው ገቡ። እማማ ፍሬን ረጅም ሴት ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ድንቢጥን አጠገባቸው አስቀመጧት። አያቷ መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደረሱ ነው፤ ሳጥኑን ከፈቱና መኪናዋን እህታቸው መዳፍ ላይ አኖሩ።

«እትዬ፣ ይኼን ዳስሰሽ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

የእማማ ፍሬን ጣቶች ጎማዎቹን ነኩ። መሪውን ነኩ። ሳቃቸው መጣ። «ወይ አንተ ልጅ! ወንበሯንማ አውቃታለሁ!» (ይህ «ልጅ» ሰባ አራት ዓመቱ ነው።) ጣቶቻቸው ወደ ግራ ፊቷ ሄዱ። ቆሙ። ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ተመልሰው ግራውን ዳሰሱ። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«ይቺ የማን መኪና ናት?»

«ያንቺ ናት እንጂ!»

«የእኔ እዚህ ጋ ስርጉድ አላት። ይቺ የላትም። ደግሞ ቀለሟ እጄ ላይ ተጣበቀ፣ ገና አልደረቀም።»

አያቷ መነጽራቸውን አውጥተው መኪናዋን አዩ። ልጆች፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። የአራት ወር ጭቃ፣ እያንዳንዱ ጭረት፣ ከፎቶው ላይ በጉሊ መነጽር እያዩ የቀዱት ሁሉ የለም።

«ድንቢጥ፣ ነክተሻት ነበር?»

«እኔ? አልነካኋትም!»

አያችሁ? ሳታስበው ወጣ። እኔ ራሴ ይህን ስሰማ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ድንቢጥ አሁን ቁጣ ይመጣል ብላ አንገቷን ደፋች። ቁጣ አልመጣም። አያቷ አመኗት። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሷ አልነካቻትም፤ ሌላ ሰው ደግሞ አልገባም» አሉ። «እንግዲያው እኔው ነኝ። ራሴ ደፍኜ፣ ራሴ ቀብቼ ረሳሁት። እትዬ፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው። መነጽሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም።»

ብሩሾቻቸውን ሰበሰቡ። በላስቲክ አሰሩና ድንቢጥ ጭን ላይ አስቀመጡላት። «ውሰጃቸው፣ ልጄ። ከእንግዲህ እኔ ምንም ነገር ባልነካ ይሻላል።»

ድንቢጥ ክው አለች። ቁጣ ጠብቃለች፣ ዱላም ጠብቃለች። ይህን ግን በሕልሟም አላሰበችውም። ያለቻት አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል እንዴት ሰውን ከራሱ ጋር ታጣላለች? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለአያቷ ግን አንዲት ሌሊትም ብዙ ነበረች።

እማማ ፍሬን የድንቢጥን እጅ ያዙ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አሴቶን ይሸታል፤ በሳሙናም አልለቀቀም። ድንቢጥ አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እጇን ሳይለቁ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ቁጭ በል፣ አትነሳ። ለልጅቷ የስርጉዱን ታሪክ ልንገራት።» ከዚያም ለድንቢጥ እንዲህ አሉ፤ «ያን ቀን እየመራሁ ነበር። አንድ ዙር ቀረኝ። ድንገት አንድ ሕፃን ከሰው መሀል ሮጦ መንገድ ውስጥ ገባ። ፍሬን ብይዝ ዋንጫው ይቀርብኛል። መጀመሪያ ጡሩምባ ነፋሁ፤ ይሄዳል ብዬ። አልሄደም። ያኔ ያዝኩ። መኪናዋ ተሽከረከረችና በግራ ፊቷ ግንቡን መታች። ልጁ ምንም አልሆነም። እኔ መጨረሻ ወጣሁ። ፎቶውም ያን ዕለት የተነሳ ነው። ፍሬን ያሉኝ ሊስቁብኝ ነው። እኔ ግን ስሙን ወደድኩት። አየሽ፣ ዘግይቼ ነው የያዝኩት። ግን ያዝኩ።»

እጇን ጠበቅ አደረጉት።

ድንቢጥ ብድግ ስትል ብሩሾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«አባባ! ዋሸሁ! እኔ ነኝ! የደፈንኩትም እኔ፣ የቀባሁትም እኔ! አእምሮዎት ደህና ነው!»

አያቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«ደህና ነኝ?» አሉ አያቷ፣ እንደ ሕፃን።

«ደህና ነዎት! ይቅር ይበሉኝ!»

አያቷ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ድንቢጥ ማወቅ አቃታት። በኋላ ቀና አሉ። «መጀመሪያ ስለ ጤናዬ እግዚአብሔርን ላመስግን። ከዚያ እቆጣሻለሁ» አሉ። አመሰገኑ። ከዚያም እውነትም ተቆጧት፣ የመስኮቱ መስታወት እስኪርገበገብ ድረስ! ድንቢጥ እያለቀሰች ሰማች። ቁጣው ግን ብሩሾቹን ጭኗ ላይ ሲያስቀምጡላት ከተሰማት ይቀል ነበር።

በሳምንቱ ሥራ ተጀመረ። ድንቢጥ ስቱኮውን በመርፌ ጫፍ ፍርፍር አድርጋ አወጣች። ጭቃውን በጠብታ በጠብታ መለሰች። «ይኼን ልንካ?» ትላለች። «ንኪ» ይላሉ አያቷ። «በእውነት ልንካ?» ትላለች ደግማ። ሦስት ወር ፈጀ። ጭረቶቹ ሁሉ አልተመለሱም፤ ፎቶው ላይ በጭንቅ የምትታየው አንዲት የዘይት ጠብታ እስከ ዛሬ ጠፍታ ቀርታለች። ድንቢጥ ይህን ታውቃለች፤ ስታስበውም ያማታል።

እማማ ፍሬን ተመልሰው መጡ። ድንቢጥ በገዛ እጇ መኪናዋን መዳፋቸው ላይ አኖረች። ጣቶቹ ወደ ግራ ፊቷ ሄዱ። ድንቢጥ ትንፋሿን ያዘች፣ አያቷም አብረዋት ያዙ። ጣቶቹ ቆሙ፤ ስርጉዱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

«ይቺስ የእኔ ናት» አሉ እማማ ፍሬን።

ይህን ታሪክ ልነግራችሁ ስል ድንቢጥን ጠየቅኳት፤ እሺ አለች። ደግሜ ጠየቅኳት፤ አሁንም እሺ አለች፤ «ውሸቴንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው» ብላ።

እንግዲህ ልጆች፣ ጥፋታችሁን በውሸት ስትሸፍኑ ሸክሙ ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ይወድቃልና፣ ብትዘገዩም እንኳ እውነቱን ተናገሩ።