በፌስታል የታሰረው ወተት

ልብስ ሰፊዋና ቱቦ ጠራጊው የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ነበሩ። የሳይንስ መምህሩ ለፕሮጀክት ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድብ አንድ ላይ ደረሳቸው። ሥራቸው ከወተትና ከአቼቶ የልብስ ቁልፍ መሥራት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ሳትኖር ቤቷ መጣ። ታጥቧል። የፍሳሽ ሽታ ግን ከልብስ ቶሎ አይለቅም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህን አይቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ወተቱን አሙቀው አቼቶ ሲጨምሩበት ነጭ ጓል ሆነ።

«የሕፃን ትውከት ይመስላል» አለች።

«እኔ ከዚህ የባሰ አይቼም ምሳዬን እበላለሁ።»

ሳትወድ ሳቀች። ተያዩ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

ጓሉን በጨርቅ ጨምቀው በቁልፍ ቅርጽ ጠፈጠፉት። «አየር ላይ ይድረቅ» ብሏት ሄደ።

ወዲያው የእናቷን ኮቴ ሰማች። ቱቦ ጠራጊ ወጥ ቤታቸው መግባቱ እንዲታወቅባት አልፈለገችም። እርጥቡን በፌስታል አስራ ከምድጃው ጀርባ ወሸቀችው።

በአራተኛው ቀን ቤቱ ገማ። ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ግማት ነው። እናትየው አፍንጫዋን ይዛ ስትፈልግ እሱ ደብተሩን ይዞ አንኳኳ። ከሥራ መልስ ነበር፤ ቦት ጫማው ጭቃ ነው።

«እማዬ፣ አብሮኝ የሚማር ነው። ቅዳሜ እዚህ ስንሠራ...»

«ቅዳሜ እዚህ ነበር? ቤቴን ያገማኸው አንተ ነህ ለካ! ውጣልኝ!»

ልጅቷን ተመለከታት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አለች።

«ደህና ይዋሉ እናቴ» ብሎ ወጣ።

በነጋታው መንገድ ዳር ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አገኘችው። ጥቁር ዝቃጭ በባልዲ ያወጣል። ጠጋ አለች።

«ይቅርታ አድርግልኝ። የገማው ወተቱ ነው፤ ደብቄው ነበር።»

«ለእናትሽ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው ቤታችሁን ያገማሁት አሁንም እኔ ነኝ» አለና ወደ ባልዲው ዞረ።

ቤት ገብታ ፌስታሉን እናቷ ፊት ፈታችው። ጓሉ ሻግቷል፤ ቢጫ ውሃ በጣቶቿ መሃል ወረደ። እናትየው ወደ መታጠቢያው ሮጣ አስመለሳት።

«ይኼ የእኔ ሥራ ነው እማዬ። እሱ ምንም አላደረገም።»

እናትየው አፏን ጠረገች። «አፍረሽበት ነው?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ያፈርኩት በራሴ ነው።»

እናትየው ፌስታሉን ቋጥራ አነሳች። «ጥሪው። በዚያ ጫማ ግን ወጥ ቤቴን አይረግጣትም።»

ሲመጣ ልጅቷ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችው። ሦስት ጊዜ በሳሙና ብትታጠብም እጇ ይገማል። ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ነገርኳት።»

«እጅሽን አምጪ።»

«ይሸታል።»

ያዘው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ወይ ጉድ! ይሄስ ከእኔም ይብሳል» አለ፤ አልለቀቃትም።