አጎቴ ያላነበቧት ዓረፍተ ነገር

ከጥዑመልሳን ጋር የተዋወቅነው ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ፎቅ ላይ ነው። እሱ የሚሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሰዋስው ስህተት እየፈለገ ከሥሩ በቀይ ያሰምራል። አማርኛ ሲሆን ጎበዝ ነበር። አማርኛና ጋሞኛ የተቀላቀለበት ጽሑፍ ሲሰጡት ግን ጋሞኛውን ሁሉ የተበላሸ አማርኛ ነው ብሎ ገጹን ያቀላዋል። እኔ የተቀጠርኩት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቋንቋው እንድለይ ነው፤ አማርኛውን በአረንጓዴ፣ ጋሞኛውን በሰማያዊ።

ወላጆቹ ከጎጃም የመጡ መምህራን ናቸው። እዚሁ ተወልዶ አድጎ ጋሞኛው ከሰላምታ አያልፍም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ አንደበቱስ በእርግጥ ይጣፍጥ ነበር።

አንድ ቀን ፕሮግራሙ የሚማርበት ጽሑፍ እንዳጣ ነገረኝ። ሰው ሲያወራ ሁለቱን ቋንቋ ይቀላቅላል፤ ሲጽፍ ግን ይጠነቀቃል። እኔ ሞኟ ሳቅኩ። ለእሱ የምጽፈው የፍቅር ደብዳቤ ሁሉ የተቀላቀለ ነበራ! ቀልዱን በአማርኛ እጀምራለሁ፤ ነገሩ ወደ ልቤ ሲጠጋ ሳላውቀው ጋሞኛ ውስጥ እገባለሁ። በማግስቱ ትርጉሙን ሲጠይቀኝ በጆሮው እነግረዋለሁ። ላንቴ መንደር፣ ሙዝ እርሻው ዳር ተቀምጠን «ለማንም አላሳይም» ብሎ ምሎልኛል። ከፋሲካ በኋላም ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ነበር።

ፕሮግራሙ ለእንግዶች የሚታይበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ጋሞኛውን እንዲተረጉሙ የተጋበዙት ጡረታ የወጡት መምህር፣ አጎቴ ኤርጫፎ ነበሩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በአባት ቦታ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹም የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነበር።

ጥዑመልሳን አንድ ገጽ ግድግዳው ላይ አሳየ። የጸሐፊ ስም የለውም። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ሰማያዊ፤ አንድም ቀይ የለበትም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ የራሴ ደብዳቤ መሆኑን አወቅኩ።

አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ሰማያዊውን መተርጎም ጀመሩ። «አባቴን ካምባ ወስደን ቀብረን ስንመለስ ማንም ሊያጽናናኝ አልቻለም። አንተ ደረት ላይ ግን...» አሉና ቆሙ። ዓይናቸው አዳራሹ ውስጥ እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«የቀረው አይነበብልኝም» ብለው ተቀመጡ።

ከአዳራሹ ስወጣ ጥዑመልሳን ደረጃው ላይ ተከትሎ ደረሰብኝ።

«ስምሽን ከገጹ ሰርዤዋለሁ እኮ፣ ሻሺቱ። ሌላ ጽሑፍ አልነበረኝም። ለቋንቋሽም ብዬ ነው።»

«ስሜን ደብቀህ ልቤን አሳየህ። ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር። ያልጠየቅከኝም ለዚህ ነው።»

ደብዳቤዎቼን እንዲያጠፋቸው ነገርኩት። ገጾቹን ማጥፋት እንደሚቻል፣ ፕሮግራሙ ከእነሱ የተማረውን ግን ማስረሳት እንደማይቻል አስረዳኝ። ያን ጊዜም እወደው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼው ነው።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። አጎቴ አክብረው ተቀበሏቸውና መልሱን ከእኔ ጠየቁ። አይሆንም አልኩ። ስለዚያ ገጽ አጎቴ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ጥዑመልሳንም ፕሮግራሙን ይዞ አዲስ አበባ ገባ።

አሁን በምሠራበት ቢሮ ደብዳቤ በሁለቱም ቋንቋ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የእሱ ፕሮግራም ነው። ጋሞኛዬን አያቀላብኝም፤ ባልደረቦቼም እንዴት ጎበዝ ነው እያሉ ያመሰግኑታል።

ባለፈው ሳምንት እጄ አላርፍ ብሎኝ፣ አጎቴ ያላነበቧትን ዓረፍተ ነገር በጋሞኛ ጻፍኳት። «አንተ ደረት ላይ ግን አለቀስኩ፤ ከእንግዲህ የምደብቅህ ነገር የለኝም።»

ጥቂት ጠበቅኩ። ከገጹ ሥር ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ምንም ስህተት አልተገኘም።»