የአያንቲ ሐሙሶች

አያንቲ ከባርባዶስ ሞንትሪያል ከገባች ሰባት ወሯ ነበር። በሰው ቤት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፤ የራሷ የሆነው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። በአንዱ ሐሙስ የአገሯ ዓሣ ውል ቢላት ገበያ ወርዳ ሻጩን «የሚበር ዓሣ አለህ?» አለችው።

ሻጩ ሳቀባት። «እዚህ አገር ዓሣ ይዋኛል እንጂ አይበርም፣ እመቤት።»

«እውነቷን ነው» አለ ከኋላዋ የቆመ፣ የባቡር አስተናጋጅ የደንብ ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው። «እኛ ባሕር ላይ ዓሣ ይበራል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዞር ብላ አየችው። በሰባት ወር ውስጥ ያለችውን ያመነላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

«የባርባዶስ ልጅ ነዎት?»

«የሴንት ቪንሰንት። ሴልዊን እባላለሁ።»

«ካርታ ላይ የዝንብ ኩስ የምትመስለዋ?»

«ዝንቧም ብትሆን ባርባዶስን አልፋ ነው እኛ ጋ የመጣችው።»

ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የሁለቱ ሆነ። የካሪቢያን ደሴቶች ልጆች በሚሰበሰቡበት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጥግ ይዘው ይጫወታሉ። ተሳፋሪው ጥቁር አስተናጋጅን ሁሉ «ጆርጅ» ስለሚል የእሱን ስም የሚጠይቅ እንደሌለ ሴልዊን ነገራት። እሷ «ሴልዊን» ስትለው ያልሰማ ይመስላል፤ ደግማ እንድትለው።

በረዶው ሲቀልጥ «እንጋባ» አላት።

አያንቲ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። መልስ ሳትሰጠው ተነሥታ ወጣች። ሦስት ሐሙስም ቀረች።

በአራተኛው የምትሠራበት ቤት የጓሮ በር ተንኳኳ። ሴልዊን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«እምቢ ካልሽ እምቢ በይኝ። ዝምታሽ ነው የገደለኝ።»

«ልጅ አለችኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አምስት ዓመቷ ነው፣ እናቴ ጋ ናት። አባቷ እንግሊዝ ሄዶ ቀረ። ለዚህ ሥራ ወደ ካናዳ የሚያመጡት ልጅ የሌላትን ነው፤ ፎርሙ ላይ ‹የለኝም› ብዬ ፈረምኩ። ካወቁ ይመልሱኛል። አንተም ካወቅህ…» አልጨረሰችውም።

ሴልዊን ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣ።

«ማን ትባላለች?»

«ማርቫ።»

«አያቷ የሚኖሩት የት ነው?»

ነገረችው። በማስታወሻው ጻፈና የባቡሩ ሰዓት ስለደረሰ ሄደ። ወደ ምዕራብ በሚወስደው ረጅም መስመር ተመድቦ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ድምፁ ጠፋ። አያንቲ አበቃ ብላ ድስቷ ላይ አቀርቅራ አለቀሰች።

ከዚያ የእናቷ ደብዳቤ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሴልዊን የሚባለው ሰውዬ ማን ነው? ለማርቫ ከየጣቢያው የፖስታ ካርድ ይልካል። በመጨረሻው ላይ ‹እናትሽ እሺ ካለችኝ አባት እሆንሻለሁ› ብሎ ጽፏል። ልጅቷ ‹እሺ ትበለው› እያለች እንቅልፍ ነሥታኛለች።»

ሐሙስ ሲደርስ አያንቲ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ካፖርት ደርባ ወደ ጣቢያው ሮጠች። ሴልዊንን ሻንጣ ሲያወርድ አገኘችው።

«እሺ ብላሃለች» አለችው።

«ማን?»

«ማርቫ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ቀድሜያት ነበር። ፈርቼ ነው።»

በሰኔ ተጋቡ። በሳምንቱ ማርቫን ለማምጣት አብረው ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደው እውነቱን ተናገሩ። አያንቲ ስትናገር ሴልዊን ከጠረጴዛው በታች እጇን ያዘላት። ጉዳዩ ዓመት አለፈው፤ ሆኖም አልመለሷትም፤ ልጅቷንም ፈቀዱላት።

ማርቫ የደረሰችው በሐምሌ ሙቀት፣ አያቷ የሠሩላትን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሳ ነው። እናቷ አቅፋት ስታለቅስ እሷ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ሴልዊንን አየችው።

«በረዶው የታለ?»

«ትንሽ ታገሺው። ሲመጣ ‹ውሰዱልኝ› ትያለሽ።»

ማርቫ አሰበችበት። ከዚያ ሹራቧን አወለቀችና፣ ዕድሜ ልኳን እንደምታውቀው ሁሉ፣ ለእሱ አስያዘችው። ሴልዊን ቤት እስኪደርሱ በሁለት እጁ ይዞት ሄደ።